የቆረጠው ብቻ ሳይሆን የገዛውም ይጠየቅ

በ2015 ያኩ ካልፓ የተባለች የጭነት መርከብ ከፔሩ የአማዞን ወንዝ ወደብ ከኢኪቶስ ጣውላ ጭና አሜሪካ ሂውስተን ስትደርስ ወረቀቷ የተሟላ ነበር። የመቁረጫ ፈቃዱ አለ፣ የማጓጓዣ ፈቃዱ አለ፣ ማኅተምና ፊርማው በየቦታው አርፏል። የጎደለው ዛፉ ነበር። ኦሲንፎር የሚባለው የፔሩ የደን ቁጥጥር ተቋም ባለሙያዎች ጣውላው ተቆረጠበት ወደተባለው ደን ገብተው፣ በፈቃዱ ላይ የሰፈሩትን ዛፎች በቁጥርና በቦታ ሲፈልጉ ጉቶ እንኳ አጡ። በብዙ ቦታ ምንም አልተቆረጠም፤ የተባለው ዛፍ ጭራሽ በቅሎበት አያውቅም። ከዚያ ጭነት ከ90 በመቶ በላዩ ከሕገወጥ ቆረጣ የመጣ ሆኖ ተገኘ፤ 1,770 ቶን ገደማ ጣውላም ሂውስተን ላይ ታገደ። (የውጭውን ጉዳይ የማነሣባቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ለፔሩ ዛፍ የአሜሪካ ጉምሩክና ዐቃቤ ሕግ ምን አገባቸው? ይህ ጥያቄ ለዘመናት አንድ መልስ ብቻ ነበረው፤ አያገባቸውም። ዛፍ የሚጠብቀው የዛፉ አገር ነው። ግንዱ የሌላውን ድንበር በተሻገረበት ቅጽበት ወንጀሉ ከኋላው ይቀራል፣ ፊት ለፊቱ ያለው ንጹሕ ንግድ ነው። የተሰረቀ ሞባይል መርካቶ ውስጥ በርካሽ የገዛ ሰው ፖሊስ ሲይዘው «እኔ አልሰረቅኩም» ብሎ እንደማይድን የምናውቅ ሰዎች፣ የሌባ ተቀባይ በሕግ እንደሚጠየቅ ለማመን ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም። የዓለም የእንጨት ንግድ ግን ይህን ቀላል ነገር ለመቀበል እስከ 2008 ድረስ ጊዜ ወስዶበታል።

በዚያ ዓመት ግንቦት ወር የአሜሪካ ምክር ቤት የሌሲን ሕግ አሻሻለ። ሕጉ ራሱ አሮጌ ነው። የአዮዋው እንደራሴ ጆን ሌሲ አርቅቀውት ፕሬዚዳንት ማኪንሊ በ1900 የፈረሙት፣ በአንድ ክፍለ ግዛት በሕገወጥ መንገድ የታደኑ ወፎችና የዱር እንስሳት በሌላው ክፍለ ግዛት ገበያ እንዳይሸጡ ለመከልከል ነበር። አዳኙ ኢሊኖይ ላይ ገድሎ ኒው ዮርክ ላይ ሲሸጥ የኢሊኖይ ሕግ እጁ አጭር ነበር፤ ሌሲ ያንን እጅ አስረዘሙት። ለእንስሳት የተዘረጋው ጥበቃ ቆይቶ በውጭ አገር ሕግ የተከለከለውንም ያካተተ ሆነ። በ2008 ደግሞ ሕጉ ለዕፅዋትም በስፋት ተዘረጋና ግንዱም፣ ጣውላውም፣ ከጣውላ የተሠራው ወንበርም በሕጉ ሥር ገባ። ከዚያ ወዲህ በማንኛውም አገር ሕግ ተጥሶ የተቆረጠን እንጨት አሜሪካ ውስጥ ማስገባት፣ መግዛትም መሸጥም ጥፋት ነው። አስመጪው በዲክላራሲዮኑ ላይ የዛፉን ሳይንሳዊ ስም፣ የተቆረጠበትን አገር፣ መጠኑንና ዋጋውን ይጽፋል። ቅጣቱ እንደ ዕውቀቱ ይለያያል፤ እያወቀ ያስገባ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይጠብቀዋል፣ ማወቅ ሲገባው ያላወቀ ቅጣቱ ያነሰ ነው። እንጨቱ ግን በሁለቱም በኩል ይወረሳል፤ ንጹሕ ልብ የነበረው ገዢም እንጨቱን አያስቀርም።

የዚህን ድንጋጌ ክብደት ለማየት ማዳጋስካርን ማስታወስ ይበቃል። በማርች 2009 ፕሬዚዳንት ራቫሎማናና ከሥልጣን ተገፍተው አንድሬ ራጆሊና ሲተኩ በደሴቲቱ ሰሜን ምሥራቅ ያሉት የማሶአላና የማሮጄጂ ብሔራዊ ፓርኮች ጠባቂ አጡ። ቆራጮች በመቶና በሺህ እየሆኑ ገቡ። የሚፈልጉት ሁለት ዛፍ ነበር፤ ቀዩን ሮዝዉድና ጥቁሩን ዞጲ። ሁለቱም በጣም ዝግ ብለው የሚያድጉ፣ እንጨታቸው ከባድ የሆነ ዛፎች ናቸው። ሮዝዉዱ ውሃ ላይ ስለማይንሳፈፍ አንዱን ግንድ በወንዝ ለማውረድ ሌሎች ቀላል ዛፎችን ቆርጦ ታንኳ ማሰር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የአንድ ዛፍ ስርቆት የብዙ ዛፍ ሞት ነው። በ2010 ዩኔስኮ እነዚህን ደኖች በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ አስገባቸው።

በዚያው ጊዜ፣ በኖቬምበር 2009፣ የአሜሪካ ፌዴራል መርማሪዎች ናሽቪል የሚገኘውን የጊብሰንን የጊታር ፋብሪካ ፈተሹ። ጊብሰን በዓለም ሙዚቀኛ ሁሉ የሚታወቅ ስም ነው። ከማዳጋስካር የመጣው ዞጲ ጣት በሚያርፍበት በጊታሩ አንገት ላይ የሚለጠፈውን ጠፍጣፋ ለመሥራት ይውል ነበር። ማዳጋስካር ደግሞ ተሠርቶ ያላለቀ ዞጲ ከአገር እንዳይወጣ ከ2006 ጀምሮ ከልክላ ነበር። የድርጅቱ ሠራተኛ በ2008 ወደ ደሴቲቱ ተጉዞ ክልከላው ተነግሮት ተመልሶ ነበር፤ ግዢው ግን ቀጠለ። በኦገስት 2012 ድርጅቱ ከዐቃቤ ሕግ ጋር ባደረገው ስምምነት 300 ሺህ ዶላር ተቀጣ፣ 50 ሺህ ዶላር ለተፈጥሮ ጥበቃ ሰጠ፣ የተያዘበትን ከ260 ሺህ ዶላር በላይ የሚያወጣ የማዳጋስካር ዞጲም አጣ።

በስምምነቱና በፍተሻው መካከል ያለው ጊዜ ግን በጸጥታ አላለፈም። በ2011 ከሕንድ በመጣ እንጨት ምክንያት ሁለተኛ ፍተሻ ሲደረግ ጉዳዩ የፖለቲካ ትግል ሆነ። የአሜሪካ ፖሊስ የአሜሪካን ፋብሪካ በማዳጋስካርና በሕንድ ሕግ ይቀጣል ወይ ተብሎ በምክር ቤት ሕጉን የሚያላላ ረቂቅ ቀረበ። ይህን ተቃውሞ ቸል ማለት አይገባም፤ ሐቀኛ አስመጪ የሃምሳ አገር የደን ሕግ አጥንቶ ሊጨርስ እንደማይችል እውነት ነው። ሆኖም የተቃውሞው መሠረት ለእኔ አይዋጥልኝም። ማዳጋስካር ዛፏን ለመጠበቅ ሕግ ያወጣችው ደሃ አገር በመሆኗ ሕጓ ሕግ አይደለም ልንል አንችልም። አንድ አገር የራሱን ሀብት «አይሸጥም» ሲል ገዢው ያንን ቃል የማክበር ግዴታ አለበት። የሌሲ ሕግ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የማዳጋስካርን ሕግ ቃል ናሽቪል ላይ እንዲሰማ አድርጓል።

ከዚህም የባሰ ጉዳይ ቀጥሎ መጣ። ላምበር ሊኩዊዴተርስ በአሜሪካ የወለል ጣውላ ከሚሸጡት ትልልቅ ድርጅቶች አንዱ ነበር። ቻይና ውስጥ ተሠርቶ ወደ አሜሪካ የሚገባው ወለል የተሠራበት ባሉጥ ዛፍ የተቆረጠው በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ነበር፤ የአሙር ነብር የሚኖርበት፣ ነብሩ የሚያድናቸው አጋዘኖችና የዱር አሳማዎችም የባሉጡን ፍሬ በልተው ክረምቱን የሚያልፉበት ደን። በዲክላራሲዮኑ ላይ ግን ዛፉ ሌላ ዝርያ፣ አገሩም ሌላ አገር ተብሎ ተሞላ። በአንድ የመቁረጫ ፈቃድ ላይ የታየው ጉድ ብቻ ብዙ ይናገራል፤ ያ ፈቃድ እየተደጋገመ ጥቅም ላይ በመዋሉ ይህ አንድ ድርጅት ብቻውን በፈቃዱ ሊቆረጥ ከሚችለው ከ800 በመቶ በላይ አስገብቷል። ድርጅቱ በኦክቶበር 2015 ጥፋተኛነቱን አመነ፣ በፌብሩዋሪ 2016 በድምሩ ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ተወሰነበት። ለሕገወጥ እንጨት ይህን ያህል ገንዘብ በሌሲ ሕግ ተከፍሎ አያውቅም ነበር።

እነዚህን ሦስት ጉዳዮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል። የተሰረቀ እንጨት ወረቀት አጥቶ አይጓዝም። ሌሊት በኮንትሮባንድ የሚሾልክ መኪና የስርቆቱ ትንሹ ክፍል ነው፤ ትልቁ በቀን፣ በፈቃድ፣ በማኅተም የሚያልፈው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ባለፈቃዱ በያዘው ቦታ ላይ የሌሉ ውድ ዛፎች እንዳሉ አድርጎ ይመዘግባል፤ ወይም ያሉትን አብዝቶ ይጽፋል። ባዶው ቁጥር ሸቀጥ ይሆናል። ከፓርክ፣ ከተከለለ ደን፣ ከነባር ሕዝቦች መሬት የተቆረጠው ግንድ ያንን ቁጥር ገዝቶ ሕጋዊ ልደት ያገኛል። ከዚያ መሰንጠቂያ ቤት ገብቶ ከሕጋዊው ጋር ሲቀላቀል ማንም አይለየውም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራምና ኢንተርፖል በ2012 በጋራ ባወጡት ጥናት በዓለም ከሚሸጠው እንጨት ከ15 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው በሕገወጥ መንገድ የተገኘ መሆኑን ሲገምቱ፣ ከዚያ እንጨት ብዙው ወረቀት ነበረው።

ስለዚህ እንደ ወረቀት የማይዋሽ ነገር መፈለግ ግድ ሆነ። ዛሬ የእንጨትን ቁራጭ በማጉያ መነጽር አይቶ የሕዋሱን አደራደር በማንበብ ዝርያውን መለየት ይቻላል። ዘረመሉ ተመርምሮ ከየትኛው ደን ቤተሰብ እንደሆነ ይታወቃል። ዛፉ የጠጣው ውሃና የቆመበት አፈር በውስጡ የተዉት የአይሶቶፕ አሻራም የበቀለበትን አካባቢ ይጠቁማል። በኦሪገን አሽላንድ ያለው የአሜሪካ የዱር እንስሳት የፎረንሲክ ላቦራቶሪ ከእንጨቱ በሚወጣው የኬሚካል ይዘት የሮዝዉድ ዝርያዎችን ይለያል። ይህ ሁሉ ትልቅ እርምጃ ነው። ግን ላቦራቶሪው የሚያወዳድረው ናሙና ሲኖረው ነው የሚሠራው፤ ናሙናው ደግሞ የሚመጣው ደኑ ካለበት አገር ነው። የኮንጎ ደንም ሆነ የእኛ ደን በናሙና መዝገብ ውስጥ በሙላት እስካልገባ ድረስ ዘረፋውን በሳይንስ ማረጋገጥ ያስቸግራል።

ሕጉ ወረቀት ፊት ሲቆም ምን እንደሚሆን ሲንጋፖር አሳይታናለች። በማርች 2014 ከማዳጋስካር የመጣ 29,434 ግንድ ሮዝዉድ ሲንጋፖር ወደብ ላይ ተያዘ፤ ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል ተብሎ ተገመተ። ሮዝዉድ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት፣ በሳይተስ፣ ጥበቃ ሥር ነበር፤ ማዳጋስካርም ወደ ውጭ መላኩን አግዳ ነበር። ነገር ግን ከራሷ ከማዳጋስካር መንግሥት ሰዎች መካከል ጭነቱ ሕጋዊ ነው ብለው የቆሙ ተገኙ። ክርክሩ አምስት ዓመት ፈጅቶ በ2019 የሲንጋፖር ከፍተኛ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተከሳሾቹን ነጻ አወጣ፤ ፍርዱ የተመሠረተው ጭነቱ ወደ ሌላ አገር ለማለፍ ብቻ ወደቡን የረገጠ ነው በሚለው ክርክር ላይ ነው። በሕግ አነጋገር ፍርዱን መተቸት አልችልም። የተያዘው ትልቁ የሮዝዉድ ጭነት ያለ ቅጣት መቅረቱ ግን በየወደቡ ላለው ነጋዴ ምን እንደነገረው ለመገመት ብዙ ማሰብ አይጠይቅም።

ወደ ፔሩ ልመለስ፤ ምክንያቱም የዚህ ሕግ ትልቁ ድካም ያለው እዚያ ነው። የሂውስተኑ ጭነት የተያዘው አሜሪካዊ መርማሪ በልጦ ስለተገኘ አይደለም። አንድ የፔሩ መንግሥት ተቋም ሥራውን በሐቅ ስለሠራ ነው። የተቋሙ ኃላፊ ሮላንዶ ናቫሮ በጃንዋሪ 2016 ከሥልጣናቸው ተነሡ፤ ለሕይወታቸው ፈርተውም አገራቸውን ለቀው ወጡ። እንጨቱን ያስመጣው የአሜሪካ ድርጅት በ2021 ጥፋተኛነቱን ሲያምን ለፔሩ የአካባቢ ሚኒስቴር 200 ሺህ ዶላር ካሳ እንዲከፍል ተወሰነ። ሰውየው አገር አጡ፤ ድርጅቱ ገንዘብ ከፈለ። ከዚያ ቀደም ብሎ በሴፕቴምበር 2014 ኤድዊን ቾታ የተባሉት የአሻኒንካ ሕዝብ መሪ ከሦስት ጓዶቻቸው ጋር ብራዚል ድንበር አጠገብ ተገድለዋል። ለዓመታት ቆራጮችን ሲያጋልጡ፣ ለመንደራቸው ለሳዌቶ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ሲጠይቁ የኖሩ ሰው ነበሩ። ማረጋገጫው የተሰጠው በ2015 ነው፤ ከሞቱ በኋላ። የሩቁ ገበያ ሕግ የቅርቡን ጠባቂ ካልጠበቀ፣ ሕጉ የሚተማመንበትን ምስክር ራሱ እያጣ ይሄዳል። ገዢ አገሮች ለስካነርና ለሶፍትዌር ከሚያወጡት ገንዘብ ጋር የሚመጣጠን ነገር ለደን ጠባቂዎች ደኅንነት ቢያወጡ፣ ካሳውም በቀጥታ ለተዘረፈው ማኅበረሰብ ቢደርስ ፍትሑ ሙሉ ይሆን ነበር።

ሌሎች አገሮች የአሜሪካን ፈለግ ተከትለዋል። የአውሮፓ ኅብረት የእንጨት ደንብ በማርች 2013 ሥራ ላይ ዋለ፤ አውስትራሊያ በ2012፣ ጃፓን በ2016 ሕግ አወጡ፤ ኮሪያም ተከተለች። ከሁሉ የሚያስደስተኝ የቻይና እርምጃ ነው፤ በዓለም ከፍተኛዋ የእንጨት አስመጪ ስለሆነች። ከጁላይ 2020 ጀምሮ የጸናው የደን ሕጓ ሕገወጥ መሆኑ እየታወቀ እንጨት መግዛትን፣ ማቀነባበርንና ማጓጓዝን ይከለክላል። ይህ አንቀጽ በወደቦቿ በርትቶ ቢተገበር ከምዕራቦቹ ሕጎች ሁሉ ይልቅ ብዙ ደን ያድናል፤ ምዕራቡ የዘጋው በር ምሥራቅ ላይ ክፍት ከሆነ ግን ግንዱ አቅጣጫ ከመቀየር በቀር የሚሆነው የለም።

ይህ ሁሉ ለእኛ የሩቅ ወሬ ይመስል ነበር፤ አሁን ግን ቡናችን ውስጥ ገብቷል። አውሮፓ የእንጨት ደንቧን በ2023 በወጣው አዲስ የደን ምንጠራ ደንብ ስትተካ፣ ከእንጨት ጋር ከብት፣ ካካዎ፣ ፓልም ዘይት፣ ጎማ፣ አኩሪ አተርና ቡና አንድ ላይ ገቡ። ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ፣ ወይም የአገሩ ሕግ ተጥሶ የተመረተ ቡና አውሮፓ ገበያ አይገባም። አስመጪው ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ነጥብ ማቅረብ አለበት፤ ማሳው ከአራት ሔክታር ከበለጠ ዙሪያውን በሙሉ። ደንቡ ሁለቴ ተራዝሞ አሁን ለትላልቅና ለመካከለኛ ድርጅቶች ዲሴምበር 30 ቀን 2026፣ ለጥቃቅንና ለአነስተኞቹ ጁን 30 ቀን 2027 ቀን ተቆርጦለታል። በአውሮፓ ከተሞች የአገራቸውን ቡና አስመጥተው የሚሸጡ ኢትዮጵያውያንም በዚህ ደንብ ፊት አስመጪ ናቸው፤ ከግዴታው አያመልጡም።

መርሁን እደግፋለሁ፤ ለእንጨት ትክክል የሆነ ለቡናም ትክክል ነው። የሚያሳስበኝ ሸክሙ የሚወድቅበት ትከሻ ነው። በካፋ፣ በሸካና በያዩ የቡና ገበሬ በዋንዛና በሳሳ ጥላ ሥር ያመርታል። ሳተላይት ከላይ ሲያየው ማሳው ደን ይመስላል። ገበሬው ያረጀውን ጥላ ዛፍ ቆርጦ አዲስ ቢተክል ያው ሳተላይት ደን ተመነጠረ ሊል ይችላል፤ ማለትም ደኑን ጠብቆ ያቆየው ሰው ጠብቆ በማቆየቱ ተጠርጣሪ ይሆናል። ሌላም አለ። የማሳውን ነጥብ ላኪው ራሱ ዞሮ ከሰበሰበው መረጃው የላኪው ንብረት ይሆንና ገበሬው ከዚያ ላኪ ሌላ መሸጫ ያጣል።

እዚሁ አገር ያለውን ጣውላም አንርሳ። የደን ሕጋችን አለ፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 የደን ውጤት ያለ ፈቃድ ማጓጓዝን ይከለክላል። ይሁንና የዋንዛ አልጋ ወይም የጽድ በር ስንገዛ በዋጋ ላይ እንከራከራለን፣ በጥራቱ ላይ እንከራከራለን፤ ከየት ተቆረጠ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ኬላ ላይ ያለው ዘበኛ ብቻውን የሚጠብቀው ደን የለም፤ ፔሩ ያስተማረችን ይህንን ነው።

የኢትዮጵያ ቡናና ሻይ ባለሥልጣን የማሳ መረጃውን በአገር ደረጃ መዝግቦ፣ የጥላ ቡናን ከደን ለይቶ አስረድቶ፣ የእያንዳንዱን ማሳ ማስረጃ በገበሬው እጅ ያስገባ። የደን መሥሪያ ቤቶቻችን ለመቁረጥ የሰጡትን ፈቃድ ሁሉ፣ ቦታውንና መጠኑን ጨምረው፣ ማንም ሊያየው በሚችል መዝገብ ያውጡ፤ ጉቶው ካለበት ቦታ ጋር ሊመሳከር የሚችል ወረቀት ለሌባ አይመችም። እኔና እናንተም የሚቀጥለውን ጣውላ ከመግዛታችን በፊት አናጢውን ፈቃዱን እንጠይቀው፤ ከሌለው አንግዛ።